የማላኪያ መሬትና የእኔ ሰማያዊ መኪና

በጁባ ከተማ፣ ማላኪያ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የቅዳሜ ማለዳ፣ በግቢያችን የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ሰማያዊ መኪና ጎማዎቿ ወልቀው በአራት የብረት ድጋፎች ላይ ቆማ ነበር። አጠገቧ በተነጠፈው አሮጌ ሸራ ላይ ቡሎኑና ዳዶው እንዳይቀላቀል በአራት ባዶ ጣሳዎች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። በአንደኛው ጣሳ ላይ «የፊት ቀኝ»፣ በሌላው ላይ «የፊት ግራ» የሚል በከሰል ተጽፎበታል። የጎረቤት ልጆች ከአጥሩ በላይ አንገታቸውን አስግገው «ሐበሻው መኪናውን አረደው!» እያሉ ይሳሳቃሉ። አልፈረድሁባቸውም። ቆዳዋ ሳይገፈፍ እግሮቿ ብቻ የተነቀሉ ከብት ትመስል ነበርና።

ስለ መኪና ሞላና ሾክ አብዞርበር የሚተርክ ጽሑፍ በባህል መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየምም። እኔም ብሆን በዚያ ማለዳ ከተራ የቤት ውስጥ ጥገና የበለጠ ነገር እንደምሠራ አላሰብሁም። ዛሬ ወደ ኋላ መለስ ብዬ ስመለከተው ግን፣ በሰው አገር ስለ መኖር ለዓመታት ሳልማረው የቆየሁትን ነገር የተማርሁት በዚያ ዛፍ ሥር፣ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ በግራሶ ተለውሶ ሳለ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ማላኪያ ከጁባ አሮጌ ሰፈሮች አንዱ ነው። ስሙ ከአረብኛ የመጣ ሲሆን ወታደር ያልሆነ፣ ሰላማዊ ነዋሪ የሚኖርበት የሚል ትርጉም አለው። ከኮኞኮኞ ገበያ ጋር ጎረቤት ነው፤ ዓባይም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ጁባ ጎርፈው ሆቴል ከፈቱ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ በቦቴ ውሃ አመላለሱ። እኔም ከጎርፉ ጋር ከመጡት አንዱ ነኝ። በአንድ ሆቴል የዕቃ ግዢ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ፤ በማላኪያም አንዲት ክፍል ተከራየሁ። «ለስንት ጊዜ ነው?» ብለው ባለቤቶቹ ሲጠይቁኝ «ለጊዜው ነው» አልሁ።

ይህች «ለጊዜው» የምትባል ቃል የእኛ የስደተኞች መታወቂያ ወረቀት ናት። ጣሪያው ቢያፈስስ ለጊዜው ነው ብለን ባልዲ እንደቅናለን። አልጋው ቢሰበር በድንጋይ እናስደግፈዋለን። እኔ በዚያች ክፍል ውስጥ በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አላስገባሁም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልቤ አዲስ አበባ፣ አካሌ ጁባ፣ ሻንጣዬ ደግሞ በሁለቱ መካከል ከአልጋ ሥር ተኝቶ ይኖር ነበር።

መኪናዋ ወደ እጄ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ጁባ ላይ ውጊያ በተቀሰቀሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከተማውን ጥሎ ወጣ። አንድ የአገሬ ልጅ ንብረቱን ሁሉ በርካሽ ሲሸጥ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክሱን ለእኔ ሰጠኝ። የ2004 ሥሪት ናት። ከጃፓን በመርከብ ሞምባሳ ደርሳ፣ በካምፓላ በኩል አልፋ፣ በኒሙሌ ድንበር ገብታ፣ 192 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኒሙሌ አስፋልት ተከትላ ጁባ የደረሰች ናት። መሪዋ በቀኝ ነው። በደቡብ ሱዳን ደግሞ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ከፊቴ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ስፈልግ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው «ባዶ ነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። በጥቅሉ ለማላኪያ የምትሆን መኪና አልነበረችም። እኔ ግን ለማላኪያ አልገዛኋትም፤ ለትዝታዬ ነበር የገዛኋት።

በልጅነቴ በአዲስ አበባ ሰፈራችን በሚገኝ አንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር፤ ወርቃማ ቸርኬ ያላት ሰማያዊ የውድድር መኪና አስፋልት ላይ ተለጥፋ ስትበር የሚያሳይ። ተራችንን የምንጠብቅ ልጆች ፀጉራችንን ከመቆረጣችን በፊት ያችን መኪና በዓይናችን እንነዳት ነበር። ከፍ ስንል ደግሞ የሰፈራችን ወጣቶች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክሶቻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ጎማ አስገብተው፣ ጭሱንና ድምፁን እየለቀቁ ሲያልፉ ቆመን እናደንቅ ነበር። ዝቅ ያለች መኪና ለእኔ የወጣትነት፣ የአዲስ አበባ፣ የአስፋልትም ምልክት ሆና ቀረች።

ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሞኝነት ሠራሁ። የመኪናዋን አራት ሞላዎች አወጣሁና ከእያንዳንዳቸው አንድ ዙር ያህል በግራይንደር ቆርጬ መለስኋቸው። መኪናዋ ወደ መሬት ጎንበስ አለች። ከጎማዋና ከጎማ ሽፋኗ መካከል ሁለት ጣት እንኳ የማይገባ ሆነ። ፎቶ አንስቼ ለአብሮ አደጎቼ ላክሁ፤ ሁሉም አደነቁ። ፎቶው የተነሣው ግን በከተማው ካሉት ጥቂት የአስፋልት ጎዳናዎች በአንዱ ላይ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ መንገዱ ቀይ አፈር ነው። በበጋ አቧራ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወቅት ደግሞ ጭቃና ኩሬ ይሆናል። ከባድ መኪናዎች የሚቀዱት የጎማ ቦይ ጥልቅ ነው፤ በሁለቱ ቦዮች መካከልም እንደ ግመል ጀርባ ያበጠ የአፈር ጉብታ ይቀራል። በዚህ መንገድ ላይ ያቺ መኪና እንደ ኤሊ እየተሳበች፣ ሆዷን እየተፋቀች ትሄድ ነበር። «ለጊዜው ነው» አልሁ።

ሰው ሞላ የተቆረጠ እንደሆነ ይለሰልሳል ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዙሩ ሲቀንስ ሞላው ይጠነክራል፤ የሚወርድበትም ርቀት ያጥራል። በትንሽ ጉድጓድ ሁሉ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተደፍቆ ብረቱ ከጎማ ማስታገሻው ጋር ይጋጫል። በወራት ውስጥ የፊት ሾኮቼ ሁለቱም ዘይት ማንባት ጀመሩ። እኔ ግን ድምፁን ላለመስማት ሬዲዮውን ከፍ አደርግ ነበር።

ከዚያ በሰኔ ወር 2019 ያች ሌሊት መጣች።

በግቢያችን ሰው ሁሉ «ማማ» እያለ የሚጠራቸው አንዲት እናት አሉ። በ1980ዎቹ ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ውስጥ በኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ኖረዋል። በ1991 ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ የዚያ ሰፈር ሰዎች በዝናብና በጭቃ ወደ አገራቸው በእግር ሲመለሱ እሳቸውም አብረው ተመልሰዋል። ከአማርኛ የቀሩላቸው ጥቂት ቃላት ናቸው፦ «ውሃ»፣ «ዳቦ»፣ «ና»፣ «ነገ»። «ነገ» የሚለውን ከየት ተማሩት ብዬ ብጠይቃቸው፣ እህል ከሚታደልበት ሰልፍ ነው አሉኝ። እኔን «የኢታንግ ሰው» ይሉኛል። ኢታንግን አይቼው እንደማላውቅ ብነግራቸውም አልተዉትም። በእሳቸው ቤት ሐበሻ ሁሉ የኢታንግ ሰው ነው፤ የተቀበላቸው አገር ሰው ማለታቸው ነው።

በዚያች ሌሊት የመጨረሻ ልጃቸውን ምጥ ያዛት። ዝናቡ እንደ ጅራፍ ይወርዳል። ማማ በሬን አንኳኩ፤ «የኢታንግ ሰው፣ መኪናህ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጅቱን ከኋላ አስተኛናት፣ እሳቸውም አጠገቧ ተቀመጡ፣ ወደ ጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል ለመድረስ ወጣን። ከግቢያችን በር ብዙም ሳንርቅ የፊት ጎማዎቼ በከባድ መኪና ቦይ ውስጥ ገቡ፤ የመኪናዋ ሆድ በመሃል ጉብታው ላይ ተዘፈዘፈ። አራቱንም ጎማ የሚያዞር ሞተር አላት፤ ሆኖም አራቱም ጎማ መሬት ካልነካ አራት መሆኑ ምን ይረባል? ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ጎማዎቹ ጭቃውን ወደ ሰማይ ይረጩታል፤ መኪናዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከኋላ ልጅቱ ትጮኻለች።

ጎረቤቶች ወጡ። አንዱ የአልጋ ሸራ አመጣ። ልጅቱን በሸራው ላይ አድርገው፣ አራት ሰዎች ጥጉን ጥጉን ይዘው፣ ጭቃው ጉልበታቸው እየደረሰ እስከ አውራ ጎዳናው ተሸከሟት፤ ከዚያም በራክሻ ወሰዷት። እኔ ከሸራው አንዱን ጥግ ይዤ ነበር። በዚያ ርቀት ላይ ያሳለፍሁትን እፍረት ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ልጅቱ ሆስፒታል ደርሳ ብዙ ሳትቆይ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ንጋት ላይ ማማ ሲመለሱ መኪናዋ ገና ከጉብታው ላይ እንደተሰቀለች አገኙኝ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጎኗን በእጃቸው መታ መታ አድርገው «መሌሽ፣ ልጄ» አሉ፤ አይዞህ እንደማለት ነው። ቀጥለውም በጁባ አረብኛ «መኪናህ ለእኛ መንገድ አልተሠራችም» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናዋን ለእነሱ መንገድ እንዳትሆን አድርጎ የሠራት ጃፓናዊው መሐንዲስ አልነበረምና፤ እኔ ነበርሁ።

በጁባ ሐበሾች ዘንድ «ጋሼ» እየተባሉ የሚከበሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዲስ አበባ ጋራዦች ሠርተው፣ በጡረታቸው ወራት ልጃቸውን ተከትለው ጁባ የመጡ ናቸው። ወገባቸው ስለማይታጠፍላቸው ከመኪና ሥር አይገቡም፤ ከዱካ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ። መኪናዋን ባሳየኋቸው ጊዜ የተቆረጠውን ሞላ በጣታቸው ዳሰሱና «ማን ነው ይህን ያደረገው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልሁ። «የምን ቂም ይዘህባት ነው?» አሉ።

የፀጉር ቤቱን ሥዕል ነገርኋቸው። ፈገግ አሉ። «አንተ የምትለው መኪና ኬንያ ላይ ሲወዳደር አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። በኋላ ፎቶዎቹን ፈልጌ አየሁ። በ1997 ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ በኢምፕሬዛ የኬንያውን ሳፋሪ ራሊ አሸንፏል፤ በ2000 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርንስ በዚያው ዓይነት መኪና ደግሞታል። ለሳፋሪ የተዘጋጀችው ያቺ ሰማያዊ መኪና ግን በግድግዳው ላይ እንደነበረችው በመሬት ላይ የተለጠፈች አይደለችም። ከፍ ተደርጋለች፤ ከፊቷ የእንስሳት መከላከያ ብረት ተሰክቷል፤ ወንዝ ስትሻገር ውሃ እንዳትጠጣ የአየር መሳቢያ ቱቦዋ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ጣሪያዋ ወጥቷል። አዋቂዎቹ መኪናቸውን ለሚሄዱበት መሬት ያዘጋጁ ነበር። እኔ በምሥራቅ አፍሪካ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ የአውሮፓን አስፋልት ስመኝ ኖሬያለሁ።

ጋሼ መድኃኒቱን አዘዙ። የኢምፕሬዛና የፎሬስተር የእግር አሠራር የአንድ ቤተሰብ ነው። ለፎሬስተር የተሠራ ሾክና ሞላ በዚያ ዘመን ኢምፕሬዛ ላይ ይገጥማል፤ መኪናዋንም ከመጀመሪያ ቁመቷ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋታል። «ከዚያ በላይ ግን አትመኝ» አሉኝ፤ «እግሯ በጣም ከረዘመ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ አንግሉ ተበላሽቶ ያልቃል። ከፍታም ልክ አለው።» በኩባንያው ስም የሚሸጠው ዕቃ ከአቅሜ በላይ ስለነበር፣ ሌላ የጃፓን ፋብሪካ የሚሠራውን ተመጣጣኝ ሾክ ከነሞላው በካምፓላ አስገዛሁ። በአውቶቡስ ተጭኖ በኒሙሌ በኩል ነሐሴ ላይ ደረሰልኝ።

በመግቢያዬ ወደ ጠቀስሁት ቅዳሜ የደረስነው በዚህ ሁኔታ ነው። ሠራተኞቹ እኔና ከአዲስ አበባ መጥቶ አብሮኝ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነን፤ ጋሼ አዛዥ ናቸው። ካይሮ ለዓመታት ተሰድዶ የተመለሰ አንድ የማላኪያ ወጣትም መፍቻ ያቀብላል። የኛ ቋንቋ የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ሞላ፣ ጎሚኒ፤ ሁሉም ከጣልያን የቀረ። ወጣቱ አይገባውም። እሱ በበኩሉ ሾኩን እያሳየ በካይሮ «ሙሳዒድ» ይባላል አለን። ምን ማለት ነው ብንለው «ረዳት» አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከኛ ስም ይሻላል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ብቻውን ግን አንድ ጊዜ ከተደፈቀ እየዘለለ አያቆምም። ሾኩ በውስጡ ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ሲወርድና ሲወጣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ያልፋል፤ የዝላዩም ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበርዳል። አሜሪካዊው መሐንዲስ አርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ ሁለቱን በአንድ ምሰሶ ላይ አጣምሮ ሥራውን አቀለለው፤ ምሰሶው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የእኔ መኪና በአራቱም ማዕዘን የቆመችው በዚህ ምሰሶ ላይ ነው።

ሥራው በመሬቱ ተጀመረ። የግቢያችን አፈር ለስላሳ ስለሆነ በእያንዳንዱ የብረት ድጋፍ ሥር ወፍራም ጣውላ አነጠፍን። «በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የገባ ሰው ለመሞት የፈለገ ነው» አሉ ጋሼ። ቀጥለን የፍሬን ቱቦውንና የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከምሰሶው ላይ ፈታን፤ የፍሬኑ ክፍል በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ከሞላው ማቀፊያ አስረን ያዝነው። ምሰሶውን ከጎማው እምብርት ጋር ከሚያያይዙት ሁለት ቡሎኖች የላይኛው ክብ ያልሆነ፣ የጎማውን ጋደል ማለት የሚወስን ነው፤ ስለዚህ ከመፍታታችን በፊት የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግንበት። ከላይ፣ ኮፋኖው ሥር፣ ሦስት ዳዶዎችን ፈታን። መካከል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ግን «ሞላው ሳይታሰር እንዳትነካው» ብለው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁኝ። ምሰሶው ወጣ።

አሮጌዎቹ የቆረጥኋቸው ሞላዎች ሲፈቱ እንደ አምባር ልል ሆነው በእጄ ላይ ወደቁ። ምንም ጉልበት አልነበራቸውም። ያሳሳተኝም ይህ ነው። አዲሱ ሞላ ረጅም ነው፤ በምሰሶው ላይ እንዲቀመጥ መጀመሪያ በመጨመቂያ ብረት መታሰር አለበት። መጨመቂያው ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ናቸው፤ በሞላው በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ይያዙና አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ለጸሎት ሲሄዱ «እስክመለስ ሞላውን እንዳትነኩ» አሉን። በምዕራብ በኩል፣ ከጀበል ኩጁር ወዲያ፣ ደመና ይሰበሰብ ነበር። ዝናቡ ሳይመጣ እንጨርስ ብዬ አሰብሁ። ዘንጎቹን በችኮላ ያዝሁ፤ በትክክል ተቃራኒ አልነበሩም። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ሞላው እየጎበጠ ነው» አለኝ። «ግድ የለም፣ ያዝ» አልሁት።

መፍቻውን ሁለት ዙር እንደጨመርሁ አንደኛው መያዣ ከሞላው ላይ ተንሸራተተ። ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት ብቻ ነው። እንደ ጥይት የመሰለ ድምፅ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጩኸት። ሞላው በልጁ ጆሮ አጠገብ አልፎ የማማን ማድቤት በር መታ፤ በሩ ወደ ውስጥ ተቀደደ። ልጁ እንደቆመ ደርቋል። ጆሮውን በእጁ ያዘ፤ ደም የለም፤ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ጉልበቴ ከዳኝ። እህቴ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ «እንግዲህ አደራህን» ብላ የሰጠችኝን ልጅ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ልቀብረው ነበር፤ ያውም ያችኑ «ግድ የለም» የምትባል ቃል ተናግሬ።

ማማ ከማድቤታቸው ወጡ። የልጅ ልጃቸው በጀርባቸው ታዝሏል። በሩን አዩ፤ ልጁን አዩ፤ ከዚያ ሞላውን ከመሬት አንሥተው አመጡልኝና «ሹወያ ሹወያ» አሉኝ፤ ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። ጋሼ ሲመለሱ ከመናገራችን በፊት የተቀደደውን በር አይተው ሁሉንም ተረዱ። አልጮሁም። ቡና እንዲፈላ አዘዙ። ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ድረስ መፍቻ የነካ ሰው አልነበረም። ከዚያ «ሞላ ታስሮ ሲቀመጥ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ አልተኛም» አሉና አዲሱን ሞላ አስመጥተው፣ የመጨመቂያውን አቀማመጥ በዱላቸው እያመለከቱ፣ ዙሩን ራሳቸው እየቆጠሩ አሠሩን። ዝናቡ መጣ፤ በሸራ ሸፍነን ጠበቅን፤ አለፈ። ለመጣደፍ ያሰብሁበት ዝናብ ያ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አራቱም ምሰሶዎች ቆሙ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የታችኛውን ክንድ የሚይዙት ቡሎኖች በውስጣቸው ጎሚኒ አለ። መኪናዋ ቁመቷ ስለተለወጠ ቀደም ብለን አላልተናቸው ነበር። እኔ መኪናዋ በድጋፍ ላይ ሳለች ላጠብቃቸው ጀመርሁ። ጋሼ ከዱካቸው ላይ ሆነው አስቆሙኝ።

«ክብደቷ መሬት ላይ ሳያርፍ አታጥብቀው» አሉ። «ጎሚኒ የታሰረበትን ቦታ ቤቱ ያደርጋል። ተንጠልጥላ ሳለች ካሰርኸው፣ መሬት ላይ ስትቆም ዕድሜውን ሁሉ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። መጀመሪያ አውርዳት። ትቁም። ከዚያ እሰረው።»

ስለ ጎሚኒ ነበር የተናገሩት፤ ሌላ ነገር ለማለት አስበውም አይመስለኝም። እኔ ግን መፍቻውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። በአልጋዬ ሥር ያለው ሻንጣ ታወሰኝ። በማላኪያ የኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ተንጠልጥዬ የታሰርሁባቸው ናቸው። ክብደቴን አንድም ቀን መሬቱ ላይ አላሳረፍሁም ነበር። ሸራውን የተሸከሙት ጎረቤቶቼ ስሜን ያውቃሉ፤ እኔ ግን የሁለቱን ስም እንኳ በዚያች ሌሊት አላውቅም ነበር።

መኪናዋን አወረድናት። ወደፊትና ወደኋላ ገፍተን እግሯን እንድታፍታታ አደረግን፤ ከዚያ ቡሎኖቹን አጠበቅን። የጎማዎቹን አቅጣጫ በዳርና ዳር ክር ወጥረን በሜትር ለካን፤ አፍንጫዋ ከፍ በማለቱ የፊት መብራቶቿን ዝቅ አደረግን፤ የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳታጠፋ። ሰኞ ማለዳ ከግቢ ስወጣ ያች የግመል ጀርባ ጉብታ ከሆዷ በታች በሰላም አለፈች። ለእውነት ያህል ያጣሁትም አለ። በአስፋልቱ ኩርባ ላይ እንደ ድሮዋ አትጣበቅም፤ ጋደል ትላለች፤ ፍጥነት መቀነስ ግድ ይላል። ፎቶዋን ለአብሮ አደጎቼ ብልክ የሚያደንቃት አልተገኘም። አንዱ «ግመል አደረግሃት» ብሎ ጻፈልኝ።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ መንገደኞቿ ማማ፣ ልጃቸውና ሕፃኑ ነበሩ፤ ለክትባት ነበር የሄድነው። ማማ ከኋላ ተቀምጠው ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ቆዩና ወደ ፊት ጎንበስ ብለው «ተማም» አሉኝ፤ ደኅና ሆነ ማለታቸው ነው። የማድቤቱን በር አዲስ ቆርቆሮ ልገዛለት ብል እምቢ አሉ፤ ቀዳዳው ጭስ ያስወጣልኛል አሉ። የእህቴ ልጅ ዛሬም በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ይነካል።

በግንቦት 2022 በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ በዓባይ ላይ ሲከፈት፣ በአንድ እሑድ ጋሼንና የማማን ቤተሰብ ጭኜ ተሻገርሁ። የዚያች ሌሊት ሕፃን ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር። ድልድዩ ላይ መኪናዋ ዝም ብላ ስትንሸራተት እሱም ዝም አለ። ከድልድዩ ወርደን ቀይ አፈሩ ላይ ስንገባና መኪናዋ መነሣት መውደቅ ስትጀምር ግን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ መሳቅ ጀመረ፤ ማማም እየሳቁ «ና፣ ና» ይሉታል በአማርኛ። ማታ ቤቴ ስገባ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ልብሶቼን አወጣሁ። ቁም ሳጥን አልነበረኝም። በማግስቱ ኮኞኮኞ ሄጄ ገዛሁ።